የይሁንታ ቤት፣ ቤት የሆነ ጊዜ

ስለዚያች ከተማ ሳወራ የሚያምነኝ ጥቂት ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ባልኖርባት ኖሮ አላምንም ነበር። ስሟን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ በነፋስ ወደቀ፤ መልሶ ለመትከል ይሁንታ ያስፈልግ ነበር፤ ይሁንታው ሳይወጣ ስለቆየ ሁላችንም "ከተማዋ" ማለት ለመድን።

በከተማዋ ያለ ይሁንታ የሚደረግ ነገር የለም። ዛፍ የሚቆርጥ፣ አጥር የሚያጥር፣ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ጣራ የሚለውጥ ሁሉ ከገበያው በላይ ወዳለው ረጅም የድንጋይ ሕንፃ፣ ወደ ይሁንታ ቤት ይወጣል። ያኔ ውስጡ ጠባብ አግዳሚ ወንበሮችና የብረት ጠረጴዛዎች ነበሩበት፤ ከጠረጴዛዎቹ ኋላ ደግሞ ፊታቸውን ያጠቆሩ ጸሐፊዎች። ባለጉዳይ ሲገባ ቀና ሳይሉ "ጉዳይህ ምንድን ነው?" ይሉታል። ይናገራል። ይቆጡታል። እሱም ይቆጣል። ከዚያ ወይ "ይሁን" ወይ "አይሁን" ብለው ማኅተም መትተው ያሰናብቱታል። ከዚያ ቤት ደስ ብሎት የወጣ ሰው አላውቅም። ግን ይወጣ ነበር፤ ወጥቶም ወደ ሥራው ይሄድ ነበር።

እኔ ትርንጎ እባላለሁ። የቤት ዕቃ ሠሪ ነኝ፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ሶፋ፣ ቡፌ እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጥሩሰው ከሚስቱ ከሽታዬ ጋር ከወንዙ ባሻገር፣ ማዶ በምትባል መንደር ንብ ያረባል። ማዶ ያልናት እኛ ነን፤ እነሱ ደግሞ እኛን ማዶ ይሉናል። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ የእንጨት ድልድይ ነበረ።

አንድ ዓመት ለይሁንታ ቤት አዲስ አለቃ ተሾሙልን። አለቃ ስመኘው ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ የደረሰው በደግነት ስለሆነ ነው። በክፋት የመጣ መከራ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚረገም ሰው አናጣም ነበር።

አለቃ አስጠሩኝና ከአግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሰው ቤቱ ሲሆን ክፉ ነው ደግ?" አሉኝ።

"እንደ ሰውየው ነው" አልኳቸው።

"አይደለም! ቤቱ ሲሆን ደግ ነው። እዚህ ሲመጣ ነው የሚከፋው። እኔ ነገሩን ስመረምረው ጥፋቱ የሰው አይደለም፤ የወንበሩ ነው። አሁን አንቺ ራስሽ እዚህ ላይ ተቀምጠሽ ደግ መሆን ትችያለሽ?"

ወገቤን እያመመኝ ስለነበር ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጥኩ።

"ይኸውልሽ! ቤት ቤት የሚል ዕቃ ሥሪልኝ። ሠራተኛዬ ቤቱ ያለ ይምሰለው፤ ባለጉዳዩም እንደዚያው።"

"የማን ቤት፣ አለቃ?"

"ምን ማለትሽ ነው? ቤት ነዋ!"

የጠየቅሁት ለክፋት አልነበረም። ቤት የሚባል አንድ ዕቃ የለም። እሳቸው ግን "በጉባኤ እንወስነዋለን" አሉና ጉባኤ ጠሩ። ከዚያ ጉባኤ የወጣሁት ራሴን ይዤ ነው።

ጸሐፊው ይመኑ አባቱ ቤት የነበረው ወንበር ሲቀመጡበት ይንቋቋ ስለነበር፣ የማይንቋቋ ወንበር ቤት ቤት አይለውም። አዲስ ወንበር ሠርቼ እንዲንቋቋ ማላላት ነበረብኝ። ማኅተም ያዧ ወርቅያንሱ ደግሞ፣ እነሱ ቤት ሶፋው የእንግዳ ብቻ ስለሆነ ቤተሰቡ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው።

"ስለዚህ ለእኔ ሶፋ ሥሪና የማልቀመጥበት አድርጊው" አለችኝ።

"የማትቀመጪበት ከሆነ ለምን እሠራዋለሁ?"

"ከሌለማ በምን አውቃለሁ ቤቴ መሆኔን?"

ሌላው አልጋ ፈለገ። ሌላው እናቱ ከቡፌው በላይ የምትሰቅለው መስታወት ካልተሰቀለ በቀር ብዕር አልጨብጥም አለ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና "እኔ የምጠርበው እንጨት ነው! ትዝታ አልጠርብም!" ብዬ ጮህኩ። አለቃ ሳቅ አሉና "አየሽ፣ ቤት ውስጥም እንዲህ ይጮሃል። ጀምረነዋል ማለት ነው" አሉ።

ሠራሁት። የእጄን ለመደበቅ አልፈልግም፤ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት። የብረቱን ጠረጴዛ አስወጥቼ ዝቅ ያለ ክብ ጠረጴዛ አስገባሁ። በመዝገብ መደርደሪያው ፈንታ ባለመስታወት ቡፌ፣ በበሩ ፈንታ መጋረጃ፣ ከበሩ አጠገብ የጫማ ማውለቂያ። ሶፋዎቹ ሰፊ ክንድ፣ ጥልቅ መቀመጫ፣ ወደ ኋላ ጋደል ያለ መደገፊያ ነበራቸው። አንድ ሰው ሲቀመጥባቸው ጉልበቱ ከወገቡ በላይ ይሆናል፤ ለመነሣት ወይ ሰው ይጎትተዋል ወይ ይንፏቀቃል። ቤት የሚባለው ስሜት ምን እንደሆነ አስቤበት ነው፤ ከተቀመጡ በኋላ መነሣት አለመፈለግ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሁሉም ደስ አለው። ጸሐፊዎቹ ፊታቸው በራ፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ብድግ እያሉ "ኖር!" ማለት ጀመሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነጠላ ጫማ መምጣት መጣ። ከዚያ ጋቢ። ከዚያ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት። አለቃ ራሳቸው ምሽቱንም እዚያው ማሳለፍ አበዙ፤ "ከሥራ ወደ ቤት" የሚባለው መንገድ ጠፋባቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታጠቁ ባላቸውን ፍለጋ መጥተው ሶፋው ላይ ተንጋለው አገኟቸው። ሁላችንም ጠብ ጠብቀን ነበር። ወይዘሮዋ ግን ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና "እንግዲህ ቤታችን ይኼ ከሆነ ድስቶቹን ላስመጣ" አሉ። አስመጡ።

ችግሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ችግር መሆኑን ያየ ግን አልነበረም።

እንግዳን "ምን ፈልገህ መጣህ?" ማለት በእኛ ወግ ከማባረር ይቆጠራል። እንግዳውም ቢሆን ገና ከመግባቱ ጉዳዩን ካወጣ ያላደገ ነው፤ ቀምሶ ሲያበቃ ካወጣው ደግሞ በልቶ ሊለምን የመጣ ይመስላል። ስለዚህ በሰው ቤት ጉዳይ የሚወጣበት ሰዓት የለም። ይሁንታ ቤት ደግሞ አሁን ቤት ሆኗል። ባለጉዳዩ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ሶፋው ውስጥ ይሰምጣል፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ ይጠየቃል፤ ይበላል፤ ይጠጣል፤ "ምነው ተቻኮልክ?" ይባላል፤ ተመርቆ ይወጣል። ጉዳዩን የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም።

ደግሞስ ባዶ እጅ ወደ ሰው ቤት ይኬዳል? አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ቅቤ ይዞ መምጣት ጀመረ። ድሮ ቢሆን ጉቦ ተብሎ ይከሰስበት ነበር። አሁን ወይዘሮ ይታጠቁ "ምነው ተቸገራችሁ!" እያሉ ይቀበሉታል።

ማንም አላማረረም። የበላበትን ቤት ማን ያማል? የአቤቱታ ሹሙ አቶ ደጀኔ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። "ወይዘሮ ትርንጎ፣ አንድ ሰው እንኳን አይሰድበኝም እኮ!" አለኝ። ከበላይ አካል ለይሁንታ ቤት የምስጋና ሰንደቅ መጣ፤ አቤቱታ የሌለበት መሥሪያ ቤት ተብሎ። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ሶፋ ታዘዝኩ። ለእሱ የሚሆን ወፍራም ግንድና ሳንቃ ግቢዬ ውስጥ አስቀምጬ ማድረቅ ጀመርኩ።

በዚህ መካከል የማዶው ድልድይ መዝመም ጀመረ።

አንደኛው ምሰሶ ከሥሩ በስብሷል። ለመጠገን ወፍራም ዛፍ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ለዛፍ ደግሞ ይሁንታ። የማዶ ሰዎች ተሰብስበው ወንድሜን ጥሩሰውን ወከሉት። የመረጡት በትሕትናው ነው። ጥሩሰው ሰው ሲያስነጥስ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው፤ እግሩን የረገጠውን ሰው "አመመህ?" ይላል። እኔ በሰማሁ ጊዜ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ጥሩሰው አንድ ማሰሮ ማር ይዞ ይሁንታ ቤት ገባ፤ ሲመለስ እኔ ጋ ጎራ አለ።

"እንዴት ሆነ ወንድምጋሼ?"

"እግዜር ይስጣቸው፤ እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው!"

"ይሁንታውስ?"

"አልተነሣም።"

"አንተ አታነሣውም?"

"ትርንጎዬ፣ አፌ እኮ ባዶ አልነበረም።"

ደግሞ ሄደ። ደግሞ በልቶ መጣ። በሦስተኛው ወይዘሮ ይታጠቁ አቅፈው ስመውት፣ ልጃቸውን ክርስትና እንዲያነሣላቸው ለምነውት መጣ። አሁን ጭራሽ ዘመድ ሆነ። እኔ መዶሻዬን ጥዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

"ወንድምጋሼ፣ ክረምት እየገባ ነው! ምሰሶው ሄዶልሃል! እንደ ድሮው ገብተህ 'ዛፍ ልቁረጥ' በላቸው!"

"ድሮ ይቆጡኝ ነበር" አለ፤ "ለሚቆጣ ሰው መናገር ይቀላል። ፊቱን ያበራልህን ሰው ምን ብለህ ታስቸግረዋለህ?"

እውነቱን ነው። ያበሳጨኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ይሁንታ ቤት ገብቶ ይሉኝታ ይዞ የሚወጣው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ ነው። አጥራቸው የወደቀ፣ ጣራቸው የሚያፈስ ሰዎች በየቀኑ ዳገቱን እየወጡ፣ እየወፈሩ ይመለሳሉ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጥሩሰው ሌላ ማሰሮ ማር ተሸክሞ ስለ ድልድዩ ሊለምን በዚያው ድልድይ ሲሻገር፣ ድልድዩ ሄደ።

ስደርስ ሰው ዳሩን ሞልቶታል። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ያገሳል። ጥሩሰውን ውኃው ወደ ማዶ ጥግ ወርውሮት፣ ሰዎች ከጭቃው ላይ ጎትተው አውጥተውት አየሁ። ሽታዬ ከወዲያኛው ዳር ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጮሃለች። በውኃው ድምፅ መካከል ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰኝ።

"እግሩ! … አጥንቱ ወጥቷል! … ወጌሻ!"

ወጌሻው ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። ወንዙን አየና ራሱን ነቀነቀ። "ክንፍ የለኝም፣ እህቴ" አለኝ። ቀስ ብሎም ጨመረ፤ "እንዲህ ያለ ስብራት ቶሎ ካልታሰረ ይመረቅዛል።"

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ጫማዬ ጭቃ ነው፤ አላወለቅሁትም። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ሁሉም ብድግ ለማለት ተፍጨረጨሩ፤ ሶፋው አልለቀቃቸውም።

"ኖር! ትርንጎ! ምነው ጠፋሽ? ተቀመጪ እንጂ!" አሉ አለቃ ከነሰመጡበት።

ከተቀመጥኩ እንደማልነሣ አውቃለሁ፤ ሶፋውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

"አልቀመጥም። ጉዳይ አለኝ" አልኩ።

ወርቅያንሱ ከመሬት ላይ ቀና ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ነውር ነገር የተናገርኩ ያህል ነው።

"ድልድዩ ወድቋል። ወንድሜ እግሩ ተሰብሮ ማዶ ቀርቷል። ወጌሻው መሻገሪያ የለውም። ዛፍ ቆርጬ ድልድይ ልሠራ ነው፤ ይሁንታ ስጡኝ። አሁን።"

"ጥሩሰው? ክርስትና አንሺያችን?" አሉ ወይዘሮ ይታጠቁ ደረታቸውን እየመቱ። "ውይ! ምን ይዘን እንጠይቀው ይሆን?"

"መጠየቂያ መንገዱ ነው የጠፋው፣ እመቤቴ! ማኅተሙን አምጡልኝ!"

ማኅተሙ ተፈለገ። ቡፌው ተከፈተ፤ የለም። መከዳዎቹ ተገላበጡ፤ የለም። በመጨረሻ ወይዘሮ ይታጠቁ አስታወሱት። ከባድ ናስ ስለሆነ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጡበት ነበር። ሙቀጫው ውስጥ ተገኘ። ፊቱ ተጨፍልቆ "ይሁን" የሚለውና "አይሁን" የሚለው አይለይም።

"ግዴለም፣ እንዲሁም ቢሆን ይምቱልኝ" አልኩ።

አለቃ ስመኘው በእውነት አዝነው ነበር፤ ያን አልክድባቸውም። "ትርንጎ፣ ልጄ" አሉኝ፣ "በቤት ትልቅ ነገር የሚወሰነው ቤተሰቡ ሲሟላ ነው። ይመኑ ገበያ ሄዷል። ሲመጣ ቁጭ ብለን እንመክርበታለን። እስከዚያ ትንሽ ነገር ቅመሺ።"

አንድ ነገር ልሰብር ነበር። ዙሪያዬን ሳይ የሚሰበረው ሁሉ የእጄ ሥራ ነው።

ወጣሁ። በረንዳው ላይ ምሳ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ጫማቸውን አውልቀው ተደርድረዋል፤ እንቁላል የያዘ፣ ዶሮ ያቀፈ።

"ግቢዬ ውስጥ ግንድና ሳንቃ አለ" አልኳቸው። "ወንዙ ላይ ልጥለው ነው። ያለ ይሁንታ ነው። ማን ይሸከምልኛል?"

እርስ በርስ ተያዩ። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ኋላ አንድ ጣራው ከዓመት በላይ ሲያፈስበት የኖረ ሽማግሌ ዶሮውን ለጎረቤቱ አስያዘና ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። "እኔስ ዛሬም ሽሮ ከሆነ አልገባም" አለ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ሳቁ ያላቀቃቸው ይመስል ተነሡ። የአቤቱታ ሹሙ ደጀኔ ኮቱን አውልቆ ከሁሉ ቀድሞ ወረደ። ሥራ ካገኘ ብዙ ጊዜው ነበር።

ዝናብ እየወረደብን ሠራን። ለሶፋ ክንድ ያሰብኩት ግንድ ተሸካሚ ሆነ፤ ለመደገፊያ ያልኩት ሳንቃ መርገጫ ሆነ። ማዶዎች ገመድ ወረወሩልን፤ ከወዲያ ጎተቱ፣ ከወዲህ ገፋን። ቀጥ ያለ ድልድይ አልነበረም። ወጌሻው ግን በማግስቱ በአራት እግሩ እየዳኸ ተሻገረበት። የጥሩሰውን እግር አቃንቶ አሰረው። ዘግይቶ ስለነበር በደንብ አልገጠመለትም፤ እስከ ዛሬ ያለ ምርኩዝ አይሄድም። ይህ ስንት ሳቅ ቢስቁበት የማይካካስ ነገር ነው።

ውኃው ጎደል ሲል አለቃ ስመኘው ከጸሐፊው ይመኑ ጋር ድልድዩን ተሻግረው ወደ ጥሩሰው ቤት መጡ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ለምን እንደመጡ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ያለ ይሁንታ የተሠራ ነገር ይፈርሳል፤ ትእዛዙንም በኪሳቸው ይዘዋል። የወረቀቱ ጫፍ ይታያል። ደሜ ፈላ፤ የምናገረውን አፌ ላይ አዘጋጀሁ።

ጥሩሰው እግሩን በእንጨት ታስሮ መደብ ላይ ጋደም ብሏል። ሲያያቸው ለመነሣት ሞከረ።

"ኖር! ኖር! አቤት መታደል! ሽታዬ፣ የተቆረጠውን ማር አምጪ! ዳቦም ቁረሺ!"

"በእግዜር፣ በእግዜር፤ አትነሣ" አሉ አለቃ። ተቀመጡ። ማሩ መጣ። ስለ እግሩ ጠየቁት፤ እሱ ስለ ወይዘሮ ይታጠቁ፣ ስለ ክርስትና ልጁ፣ ስለ አለቃ ወገብ ጠየቀ። ዝናቡ ተወራ። ንቦቹ ተወሩ። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጥሩሰው፣ ያው ይኼ ድልድይ…"

"ተመቻችሁ? ሲሻገሩ አላዳለጦትም?"

"የለም፣ ተመችቶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ግን እንግዲህ…"

"ግን ምን? ሳይጎርሱ ነዋ!" አለና ማር የነካ ዳቦ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። አለቃ አፋቸውን ከፍተው ስለነበር ጉርሻው ገባ። ሁለተኛው ተከተለ፤ በአንድ ጉርሻ ጠብ ይመጣል ይባላልና። ይመኑም አልቀረለትም።

አለቃ እያኘኩ አዩኝ። ላባቸው ፊታቸው ላይ ችፍ ብሏል። ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩና የማር ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋሁላቸው።

ሲመሽ መርቀው ተነሡ። ወረቀቱ ከኪሳቸው አልወጣም። በመስኮት ሳያቸው፣ ድልድዩ መካከል ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ ኋላ ዞሩ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ተሻገሩ።

"ምስኪን" አለ ጥሩሰው። "አንድ ነገር ከብዷቸው ነበር የመጡት።"

"አውቀህ ነው፣ ወንድምጋሼ?"

"ምኑን?" አለኝ። ፊቱን ብዙ ጊዜ መረመርኩት። ከልጅነቴ የማውቀው ያው የዋህ ፊት ነው፤ ምንም አላነበብኩበትም።

አለቃ አሁንም እየተመላለሱ ይጠይቁታል። ይበላሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ተመርቀው ይመለሳሉ። ድልድዩን ከማንም በላይ የሚረግጡት እሳቸው ሆነዋል። በዎርክሾፔ በኩል ሲያልፉ "ትርንጎ፣ ከወዲያ ጫፍ አንድ ሳንቃ ላልታለች፤ ሰው እንዳትጥል" ይሉኛል። እኔም መዶሻዬን ይዤ ሄጄ እመታታለሁ።